በሰው ስም የተወደድኩ

ስሜን ሳታውቀው ሄድክ።

በጓሮው በር ድምፅህን ዝቅ አድርገህ የጠራኸኝ ሁሉ የሌላ ሴት ስም ነበር። እኔም አቤት ብያለሁ። ለማዳምም በዚያው ስም አቤት እላለሁ፤ ለልጆቹም፣ ላስቀጠረኝ መክተብም፣ ለሐኪሙም። ላንተ ስል ግን ጉሮሮዬ ላይ የሚቀር ነገር ነበር። ከየት ትሰማዋለህ! የጠራሃት ሴት መጣችልህ፣ ሻይህን አቀበለችህ፣ ዓይኗን ሰብራ ተመለሰች። እኔ ኩሽና ቀረሁ።

ሆዴ፣ ዛሬ ላንጎራጉርልህ ነው። በአማርኛ ስለሆነ አይገባህም። የምንነጋገርበት ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ነገር አይበቃም፤ ከሰው ኩሽና የለቀምነው ዓረብኛ ነው። አምጪ፣ ውሰድ፣ ቶሎ፣ ነገ። በዚያ ቋንቋ ጨው አነሰው ይባላል፤ አንጀቴ ተላወሰ አይባልም።

የወሎ ልጅ ነኝ፣ ከሐይቅ ማዶ። ወሎ ላይ ስም ብቻውን ሃይማኖት አይናገርም። አያቱ መሐመድ የሆነ ክርስቲያን፣ አያቷ ገብረ ማርያም የሆነ እስላም ሞልቶናል። ስለዚህ ደላላው ደሴ ላይ «በክርስቲያን ስም ቪዛው ይጓተታል፣ የእስላም እናድርገው» ሲል እናቴ መጀመሪያ አልደነገጠችም። «ስም ምን ክፋት አለው፣ ሁሉም የሱ ፍጡር ነው» አለችው። ቀጥሎ ዕድሜዬ ላይ ጨመረበት። እሷ ዝም አለች። ቀጥሎ አንገቴን አየና «ይቺም ትውጣ» አለ። ማተቤን ነው። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። መቀስ አልጠየቀችም፤ ወደኔ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ቆረጠችው። ትንፋሿ አንገቴን ሞቀኝ። ክሩን ጠቅልላ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። አሁንም እዚያው ነው ትለኛለች በስልክ፤ መቀነቱ ተቀይሯል፣ ቋጠሮው ግን አልቀረም።

በኛ አገር ሰው በፍቅር ስሙን ይለውጣል። ለወደዳት ሲል የሰለመ አለ፣ ለወደደችው ስትል የተጠመቀች አለች፤ ዘመድ ጥቂት ያኮርፍና በመጀመሪያው ልጅ ይታረቃል። የኔ በደላላ እስክርቢቶ ሆነ። ሠርግ የለው፣ ኩርፊያ የለው፣ እርቅ የለው።

ብቻዬን አይደለሁም፤ በዚያ ዘመን ከኛ ቀበሌ ከወጣነው ክርስቲያኖች ስሟን ይዛ የሄደች ትኖር ይሆን እንጃ። መንግሥት ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሴት ልጅ ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር እንዳትሄድ ሲያግድ እኔ ደርሻለሁ። ከእገዳው በኋላ የመጡት በጉብኝት ቪዛ ነው፣ በሱዳን ዞረው ነው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፤ 8ኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሙያዋ ተመዝኖ ያለፈች፣ በሕጋዊ ውል ትሂድ ተባለ። ደግ ነገር ነው። የኔ ስም ግን ቀድሞ ሄዷል።

አል ዓይን አደረሱኝ። ከዓቡ ዳቢ ወደ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መንገዱ በረሃውን ሰንጥቆ ሲሄድ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፣ ሥሩ ላይ በተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ ጠብታ እየጠጣ የሚኖር ዛፍ። ቤቱ ትልቅ ግቢ ነበረው፣ ጓሮው የተምር ዛፍ። ካንተ ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው በስተደቡብ ጀበል ሐፊትን ያየዋል፤ ራቁቱን የቆመ ተራራ፣ አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ ያልራራችለት። እኔ እሱን ሳይ የሐይቁን እስጢፋኖስን የሚያህል ደን የለበሰ ነገር ይናፍቀኝ ነበር። አንተ ግን «አገሬ አፍጋኒስታን ያለውን የሄራት ተራራ ይመስላል» አልከኝ፤ ያን ቀን ነው ወደ ተራራው በደንብ ያየሁት።

ሾፌር ነበርክ። እኔ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ነኝ፣ ከልጆቹ መሃል፣ ትንሹን ታቅፌ። መጀመሪያ ያየሁት ፊትህን አይደለም፣ ዓይንህን ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ፣ ሁለት ዓይንና የተጋጠመ ቅንድብ። ማዳም ከፊት ስትቀመጥ መስታወቱ መንገዱን ያያል። እሷ ስትወርድ አንተ በአውራ ጣትህ ጫፍ ትገፋዋለህ፣ የጥፍር ያህል ብቻ፣ እና እኔ ውስጡ እገባለሁ። ልጆቹ እንዳይነቁ ጸጉሬን የምሸፍን መስዬ ፊቴን አስተካክል ነበር። የኛ ፍቅር ከዚያች የጥፍር ያህል ቦታ ብዙም አልሰፋ። እጄን ይዘህ አታውቅም። ይህን ለሰው ብናገር የሚያምነኝ የለም፤ ዓረብ አገር ከርማ የመጣች ሴት ንጹሕ ነኝ ስትል ሰፈሩ በጓሮ ይስቃል።

ሻይ ግን ነበር። ከረክ፣ ወተቱ በዝቶ፣ ሄሉን ራሴ ወቅጬ። ለቤቱ የማፈላው በፓኬት የመጣውን ነው፤ ያንተን ነው የምወቅጠው። ማዳም ሽታው ሲደርሳት «ዛሬ ሻዩ ምን ሆነ?» ትላለች። እኔ ደግሞ የዋህ እሆናለሁ።

ፊልሙን ያሳየኸኝ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ልጆቹ እስኪወጡ ያለችው ጊዜ ታውቃለህ እንዴት አጭር እንደነበረች፤ ስለዚህ በቁራጭ በቁራጭ ነው ያየነው፣ ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት፣ ማዳም አብራን ስትኖር ደግሞ ምንም። አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ስልኩ በሁለቱ ወንበር መሃል ተደግፎ። «ባራን» ይባላል፤ የኢራናዊው የማጂድ ማጂዲ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ። ፋርስኛውን እየሰማህ ወደዚያችው ወደ ኩሽና ዓረብኛችን ትገለብጥልኛለህ።

ቴህራን ነው፣ ብርድ ነው፣ ፎቁ አላለቀም። አፍጋኖቹ ያለ ወረቀት ነው የሚሠሩት፤ ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል አካፋቸውን ጥለው ይደበቃሉ። አንደኛው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። በማግስቱ ልጁ ነው ተብሎ ራሕማት የሚባል ለግላጋ ልጅ መጣ። ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ ሊወጣ አልቻለም፤ ከረጢቱ አመለጠው። አሠሪው ጎምዛዛ ግን አንጀተ ቡቡ ሰው ነውና ወደ ሻይ ማፍላት አዞረው። የሻዩ ሥራ ግን የላጢፍ ነበር። ላጢፍ አገሬው ነው፣ ገና ጎረምሳ፣ ቁጡ፤ ቀላሏን ሥራ የነጠቀውን ልጅ ቁም ስቅሉን አሳየው። አንድ ቀን በመጋረጃው በኩል የሰው ጥላ አየ። ጥላው ጸጉሩን እያበጠረ ነው። ረጅም ጸጉር ነው።

እዚህ ላይ አንተ ፊልሙን አቆምከው። «ገባሽ?» አልከኝ። ገብቶኛል። አንተን ነው የደነቀህ፣ እኔን አላስደነቀኝም። ልጅቷ በወንድ ስም ለሥራ መምጣቷን ከመጀመሪያው አውቄባታለሁ፤ በዚያ ስም ሲጠሯት አንድ ትንፋሽ ዘግይታ ነው የምትዞረው። ያቺን አንዲት ትንፋሽ የማያውቃት አያያትም።

በፊልሙ ሁሉ ልጅቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስለዚህ የሷን ድርሻ መተርጎም አላስፈለገህም፤ ዝም ስትል ዝም አልክ። ከፎቁ ጫፍ ላይ ለርግብ ፍርፋሪ ትበትናለች። ተቆጣጣሪዎቹ ሲያባርሯት ላጢፍ ተናንቆላት ተያዘ። ከዚያ ሥራ አጣች፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ስትሸከም አገኛት፤ ደግሞ ዞሮ አለቀሰ እንጂ አልቀረባትም። መጨረሻ ላይ ለአባቷ ገንዘብ ሊሰጥ መታወቂያውን ሸጠ። አገሬው ልጅ፣ ወረቀት ያለው ሰው፣ ያችኑ ወረቀት ሸጠ። ቤተሰቡ በገንዘቡ ወደ አፍጋኒስታን ተመለሰበት።

እኔ እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። እሱ ስሙን የሸጠው ከወደደ በኋላ ነው፤ ለሷ ብሎ ነው። እኔ ከመውደዴ በፊት ሸጬዋለሁ፣ ለቆርቆሮና ለወንድሜ ትምህርት ቤት። አንተ ስትመጣ ለፍቅር የሚሸጥ ነገር በእጄ አልነበረም። ያን ሌሊት ሳህን ሳጥብ በአፌ የመጣልኝ ይህ ነው፦

ስሜን ሸጬዋለሁ ለአንድ ቪዛ ዋጋ፣
ምን ብለህ ልትጠራኝ ሌሊቱ ሲነጋ።

በነጋታው መኪናው ውስጥ በመስታወቱ እያየኸኝ «ያቺ ልጅ አንቺን ትመስላለች» አልከኝ። ቀለሟ አይመስለኝ፣ አፍንጫዋ አይመስለኝ። ምኗ ነው የመሰለህ? ልጠይቅህ አፌን ስከፍት ትንሹ ልጅ በሩን ከፍቶ ገባ።

ሌላም ታሪክ ነግረኸኛል፣ «ጆሜ» የሚባል ፊልም፤ አንድ አፍጋን ወጣት ኢራን ገጠር የላም ወተት ቤት ሲሠራ የባለሱቁን ልጅ ይወዳል፣ አሠሪውን ሽማግሌ ሁንልኝ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ካን ላይ ከሌላ የኢራን ፊልም ጋር ተጋርቶ ተሸልሟል። ይሄኛውን አላሳየኸኝም፣ በቃል ነው። ስትነግረኝ ድምፅህ ሌላ ነበር። አንተም ሄራት ተወልደህ ቴህራን ነው ያደግኸው፤ አባትህ በሰው አገር ፎቅ ላይ ጀርባውን የሰጠ ሰው ነው፤ የባለሱቅ ልጅ ነበረች ወይ ብዬ ልጠይቅህ ፈልጌ ተውኩት። ቅናት ለኔ ቢጤ ቅንጦት ነው።

አንድ ጊዜ ልጆቹን ይዘን ጃሂሊ ምሽግ ገባን። ጭቃ ግንቡ ውስጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ግድግዳው ላይ የአንድ እንግሊዛዊ ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል፣ ግመሎች፣ አሸዋ፣ ጢማም ዓረቦች። ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደ ሰው ነው! እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባዶውን ሩብ በግመል አቋርጦ እዚሁ አል ዓይን ደርሷል፣ ያን ጊዜ አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ሼኽ ዛይድ ተቀብለውታል። በደዊዎቹ ስም አወጡለት፣ ሙባረክ ቢን ለንደን አሉት። ኤግዚቢሽኑም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ቆሜ ቀረሁ። እኔና እሱ አንድ ምድር ላይ ተወልደን፣ አንድ በረሃ መጥተን፣ ሁለታችንም የዓረብ ስም ተሰጠን። የሱን በወርቅ ግድግዳ ላይ ባይጽፉትም በክብር ጽፈውለታል፤ የራሱም ስም ከሥሩ አለ። ሁለቱም የሱ ናቸው። እኔ አንዱን ሲሰጡኝ አንዱን ወስደውብኛል። አንተ ከኋላዬ ቆመህ «ይህ የናንተ አገር ሰው ነው?» አልክ፤ ጽሑፉን አንብበህ ነው። «ተወላጅ ነው» አልኩህ። ሳቅህ። ያ ሳቅህ ነው ዛሬም ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ።

አል ዓይን ስትነሣ የሚነሣው የተምሩ ጫካ ነው። ከተማው መሃል ቁጭ ብሏል፤ ከ140 ሺህ በላይ ዛፍ እንዳለው ይነገራል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ውስጥ ሲገቡ ሙቀቱ ይቆረጣል። ዝናብ የማያውቅ አገር ነው፣ ግን ፈለጅ በሚሉት ቦይ ውኃ ይመጣል፤ ከተራራው ሥር ተቆፍሮ፣ ከመሬት በታች ተጉዞ፣ ጫካው መሃል ሲደርስ ብቅ ይላል። ባለርስቶቹ በሰዓት ተካፍለው ያጠጣሉ። እኔ የመስኖ ልጅ ነኝ፤ የውኃ ተራ ምን እንደሆነ፣ ተራ የሰረቀ ጎረቤት እንዴት እንደሚመታ አውቃለሁ። ቦዩ ዳር ተቀምጬ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ። ልጆቹ እየሮጡ ነው፣ አንተ ከዛፍ ተደግፈህ ሌላ ሰው መስለሃል፣ መስታወት በመሃላችን የለም፣ ወደየት እንደምናይ ጠፋን።

ባልዘነበ አገር ቦይ ሞልቶ ይፈሳል፣
ባልጠራኸው ስሜ ዓይኔ ምን ያለቅሳል።

«ምን እያልሽ ነው?» አልከኝ። «ስለ ውኃ ነው» አልኩህ። ግማሹ እውነት ነው።

ክልከላውን እንቁጠረው ካልን አያልቅም። የቤቱ ክልከላ አለ፤ ሾፌርና የቤት ሠራተኛ መነጋገር ነውር ነው። የአገሩ ሕግ አለ፤ ያን ጊዜ ያለ ጋብቻ አንድ ጣሪያ ሥር መገኘት ወንጀል ነበር፣ ያለ ባል ያረገዘች ሴት ከወሊድ አልጋዋ ወደ ፖሊስ ነበር መንገዷ። የእናቴ ሃይማኖት አለ። የእናትህ አለ። ካንተ በኩል ሲታይ አስቂኙ ነገር ይህ ነው፦ አንድ ቀን ስለ ሌሎች ሰዎች ስናወራ «እኛ ክርስቲያን ሴት ብናገባ አይከለከልም» ብለኸኝ ነበር። የኔ ቤተ ክርስቲያን ግን አታጋባንም። በወረቀቱ ደግሞ እኔ እስላም ነኝ፤ ቃዲ ፊት ብንቆም ያለ ችግር ይጽፉን ነበር። የተዋስኩትን ነጠላ ለብሼ እንደምዳር ሙሽራ፣ ያችን ሴት ነበር የሚድሩልህ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ሕጉ ላላ፤ አብሮ መኖር ወንጀልነቱ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ዓቡ ዳቢ እስላም ላልሆኑት የሲቪል ጋብቻ ፈቀደች። ጋዜጣው ላይ ሳነብ ሳቄ መጣ። የላላው ሁሉ የላላው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው።

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ልመስክር። እ.ኤ.አ. በ2017 የቤት ሠራተኞች ሕግ ሲወጣ፣ የሳምንት ዕረፍት ተደንግጎ፣ ፓስፖርት በሠራተኛዋ እጅ ይሁን ሲባል፣ ራሷ መሳቢያ ከፍታ የኔን ሰጠችኝ። «ያዥው፣ ያንቺ ነው» አለችኝ። ከፈትኩት። ፎቶው እኔ ነኝ። ጽሑፉን ጣቴን አስኬድኩበት። የኔ ነው የተባለውን ነገር እጄ ላይ ይዤ የማን እንደሆነ ጠፋኝ።

እሷ ግን ሴት ናት፣ ዓይን አላት። አንድ ቀን ከፊት ወንበር ስትቀመጥ መስታወቱን አየችው፤ መንገዱን አያሳይም። ምንም አላለችም። በእጇ መለሰችው። ከዚያ በኋላ በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አላውቅም፣ ጠዋት ሻዩን ይዤ ስወጣ ክፍልህ ተከፍቷል፣ ፍራሹ ተገልብጦ ቆሟል። «ኸላስ፣ ቪዛው ተዘጋ፣ አገሩ ገባ» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታየኝ። አዘነችልኝ ይሆን? ሻዩን ይዤ ተመለስኩ። ሄሉ ጠረነ። ደፋሁት።

መጀመሪያ ሰሞን ቦቲም በሚሉት የስልክ መተግበሪያ ትደውል ነበር፤ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ያንን የሰው ስም ትጠራለህ፣ «ትሰሚያለሽ?» ትላለህ፣ እሰማለሁ እላለሁ፣ ይቋረጣል። ከዚያ ቁጥሩ ዝም አለ።

እኔ ውሌን ጨርሼ ወደ ዓቡ ዳቢ ዞርኩ፤ ከሊፋ ሲቲ፣ ሌላ ቤት፣ ሌሎች ልጆች። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ካቡል ስትወድቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ብረት ምጣድ ይዤ ቆምኩ። አውሮፕላን ላይ ሰው ተንጠልጥሏል። ከነዚያ አፍጋኖች በሺህ የሚቆጠሩት እዚሁ ዓቡ ዳቢ መጥተው በሰብዓዊ ከተማው ሰፈሩ። ፕሬዚዳንታቸውም እዚሁ ገቡ። ፕሬዚዳንቱ ከመጡ ሾፌሩ ለምን አይመጣም አልኩ፤ የሞኝ ሐሳብ ነው፣ ግን አልኩ። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስኮቱን ሳይ አንድ ወር ሞላኝ። ከዚያ የኔው ተራ ሆነ። ጥቅምት ማለቂያ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ገባ፣ ሐይቅ ገባ፣ ስልክ ተቆረጠ። እናቴን እስከ ኅዳር ማለቂያ አላገኘኋትም። በአንድ ዓመት ያንተም አገር የኔም አገር ከስልክ ውጭ ሆነ፤ ከሁለት ጦርነት የምጠብቀው አንዳንድ ሰው ነበረኝ። የዱንያን ነገር ተመልከት።

እናቴን ሳገኛት መጀመሪያ ያለችኝ ስሜን ነው። «እ...» ብላ የራሴን ስም። ለረጅም ጊዜ ማንም አልጠራኝም ነበር። ምን እንዳለቀስኩ!

በዕረፍት ቀኔ ሙሽሪፍ ሰፈር እወርዳለሁ። አብያተ ክርስቲያናቱ እዚያ ጎን ለጎን ናቸው፤ እኔ የግብፃውያኑ ቅዱስ እንጦንስ ነው የምሳለመው። ድሮ የሰንበት ቅዳሴ ዓርብ ነበር፣ የአገሩ ዕረፍት ዓርብ ስለሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ግን እሑድም ዕረፍት ሆነና ሰንበት በሰንበቷ ዋለች። ለጸሎት ስም ስጡ ሲባል የክርስትና ስሜን እሰጣለሁ። ስለዚህ ሦስት ነኝ፦ አንዷን እናቴ ታውቃለች፣ አንዷን እግዜር ያውቃል፣ ሦስተኛዋን አንተ። ደጁ ላይ የሀገሬ ሴቶች ስንገናኝ «እህቴ» ነው የምንባባለው፤ ስም አንጠያየቅም። የቱን ነው የምትሰጠኝ ብላ የምትጨነቅ ብዙ ናትና።

ከነሱ አንዷ፣ ብዙ ዘመን የቆየች እታለም አለችን፣ አንድ ቀን ነገሩን ነካክቼ ብነግራት ከት ብላ ሳቀች። «አፍጋን ነው አልሽኝ? በፓኪስታን ፓስፖርት ነው እንግዴህ የመጣው። ስንቶቹ እንዲያ ናቸው! ስሙስ የሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ መታወቂያህ ከመኪናው ወለል ወድቆ አንስቼ ሰጥቼሃለሁ፤ ዜግነት የሚለው ላይ ፓኪስታን ይላል፤ አንተ ሄራት ትለኛለህ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። አንተም ስጠራህ አንድ ትንፋሽ ትዘገይ ነበር እንዴ? ሳስበው ሳስበው፣ አዎ የሚል ይመጣልኛል፤ ደግሞ ምኞቴ ይሆናል እላለሁ። «ያቺ ልጅ አንቺን ትመስላለች» ያልከኝስ? አውቀህብኝ ነበር?

አንተም በሰው ስም ነህ እኔም በሰው ስም፣
ሁለቱ ይጋቡ እኛ አንገናኝም።

ይህን ለእታለም ዘፈንኩላት። «አንቺ የወሎ ልጅ፣ ችግርሽንም ታስጌጭዋለሽ» አለችኝና የዓይኗን ጥግ ጠረገች።

ባለፈው ፓስፖርቴ ሊቃጠል ሲል ለማሳደስ ወረፋ ያዝኩ። ከጎኔ ያለችው ልጅ የጉራጌ ልጅ ናት፣ እንደኔው ስሟን ያጣች፤ የፍርድ ቤት ወረቀት ከአገር ቤት አስልካ እውነተኛ ስሟን ልታስመልስ ነው፣ ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። «አንቺስ?» አለችኝ። ወንድሜ የኔንም ወረቀት ልኮልኛል፤ ማኅተሙ ያለበት፣ የናቴ ምስክርነት ያለበት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ስንት ዘመን የተመኘሁት ነገር ነው።

ተራዬ ደረሰ። ቅጹን የሚሞላው ልጅ ቀና ሳይል «የሚለወጥ ነገር አለ እህቴ?» አለኝ።

ስሜን ባስመልስ፣ አንድ ቀን እዚህ አገር ደርሰህ፣ አል ዓይን ያን ግቢ አንኳኩተህ፣ መክተቡን ጠይቀህ፣ በየቢሮው ያንን ስም ብትሰጥ፣ እንዲህ የምትባል ሴት የለችም ሊሉህ ነው። አንተ ደግሞ በሌላ ልትፈልገኝ አትችልም።

«የለም» አልኩት። «እንዳለ ይሁን።»